እማዬ፣ መዝገቡ አልጠፋም

ይድረስ ለእማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው? ደሴ ብርዱ በርትቷል አሉ፤ ማታ ማታ ጋቢ ሳትደርቢ እንዳትቀመጪ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ፈተና ላይ ስለሆኑ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

የእድሩን የድሮ መዝገብ ከፎቶ እያነበብሽ ላፕቶፑ ላይ ወዳለው የኤክሴል ሰንጠረዥ መገልበጡ አስቸግሮሽ፣ በስልክ «የእድሩን መዝገብ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ በላብኝ» ብለሽ ስትናደጂ ሳቄ መጣ፤ አትቀየሚኝ። አልበላብሽም። የመዝገቡን ፎቶ ስትከፍቺ ሰንጠረዡ ከሥሩ ዋለ እንጂ የትም አልሄደም። ከስክሪኑ ግርጌ ባለው መደዳ አረንጓዴዋን የኤክሴል ምልክት እያት። ከሥሯ ትንሽ መስመር ካለች ሰንጠረዡ ክፍት ነው፤ ነካ ስታደርጊያት ብቅ ይላል። ይህንን በስልክ ማስረዳት አልሆነም። እኔ «ከታች» ስል፣ አንቺ «የቱ ላይ?» ስትዪ፣ መስመሩ ሲቆራረጥ መሸ። አንቺ ደግሞ ወረቀት ይዘሽ መሥራት ይቀናሻል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጪውና እያየሽ ሞክሪ።

ቢሮ ሳለሽ የነበረሽን ጠረጴዛ አስታውሺ። ደብዳቤው፣ ፋይሉ፣ ካርቦኑ ተደራርቦ ነበር የሚውለው። ላይኛው ወረቀት ታችኛውን ቢሸፍነው ጠፋ ብለሽ አታውቂም። ስክሪኑም የተሠራው ይህንኑ አስበው ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ በሚባል ቦታ፣ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የነበሩት እነ አላን ኬይ ናቸው መስኮቶች (የከፈትሽው እያንዳንዱ ነገር የሚታይባቸው ሣጥኖች) እንደ ወረቀት እንዲደራረቡ ያደረጉት። ዜሮክስ ያው በፎቶ ኮፒ ማሽኑ የምታውቂው ኩባንያ ነው። የወረቀት ነገር የሚገባቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ሁለቱንም አንድ ላይ አያሳየኝም?» ብለሽኛል። ልክ ነሽ። እንዲያውም ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ዊንዶውስ (እንደ ላፕቶፕሽ ያለውን ኮምፒውተር የሚያሠራውን ፕሮግራም) ኅዳር 11 ቀን 1978 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ አንቺ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናሽ ላይ ደብዳቤ በምትመቺበት ዘመን፣ መስኮቶቹ አይደራረቡም ነበር። ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይጠባል። መደራረቡ የመጣው በ1980 ዓ.ም. በወጣው በሁለተኛው ዊንዶውስ ነው። ሰውም ወደደው፤ ብዙ ነገር መክፈት ያስችላላ። ጎን ለጎን ማስቀመጡን እንደገና ቀላል ያደረገው በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ሰባት ነው። ያንቺ ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ አሥራ አንድ ስለሆነ የምትፈልጊው ሁሉ አለው። ያሳየሽ ሰው ነው የጠፋው።

የጎረቤትሽ ልጅ ልቡ ጥሩ ነው፤ ይባረክ። ግን «እማማ ቆይ፣ እኔ ላድርገው» ይልና ማውሱን ይቀማሻል። ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይጨርሳል። ምን እንዳደረገ ሳታዪ ውልቅ ይላል። በማግስቱ እንደገና እሱኑ ትጠሪያለሽ። ይህ ማስተማር አይባልም። ደግሞስ ማውስ ምን ያደርግልሻል? ዕድሜሽን ሙሉ ቁልፍ ሳታዪ በአሥር ጣትሽ ስትመቺ የኖርሽ ሰው ነሽ። መስኮቶቹን በቁልፍ ብቻ ማዘዝ ይቻላል። እጅሽ ትንሽ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ለአንቺ ከማውስ ይልቅ ቁልፍ ነው የሚሻልሽ።

መጀመሪያ ግን አንድ ልማድ ላስተውሽ። ከእያንዳንዱ መስኮት በላይ በቀኝ ጥግ ሦስት ምልክቶች አሉ፤ ሰረዝ፣ ካሬ፣ ኤክስ። ሰረዟ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ግርጌው መደዳ ላይ ታሳርፈዋለች። (ይህ መደዳ የመጣው ነሐሴ 1987 ዓ.ም. ከወጣው ከዊንዶውስ 95 ጋር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር የጨመሩ አይመስለኝም።) ካሬዋ መስኮቱን በስክሪኑ ሙሉ ትዘረጋዋለች፤ ስትደግሚያት ወደ ቀድሞ ልኩ ትመልሰዋለች። ኤክሷ ትዘጋዋለች። አንቺ ፎቶውን ለማየት በፈለግሽ ቁጥር ሰንጠረዡን በኤክሷ ትዘጊዋለሽ። ለዚህ ነው «ሴቭ ላድርግ ወይ?» እያለ የሚጨቀጭቅሽ። «ዶንት ሴቭ» ያልሽው ቀን ነው የእውነት የሚበላብሽ። ሥራው እስኪያልቅ ኤክሷን እርሻት።

አሁን ወደ ዋናው። ሰንጠረዡም ፎቶውም ክፍት ናቸው እንበል። ሰንጠረዡ ከፊት ይሁን። ከአልት በስተግራ አራት ካሬ የተሳለባት ቁልፍ አለች፤ የዊንዶውስ ቁልፍ ትባላለች። እሷን ሳትለቂ የቀኝ ቀስትን አንዴ ምቺ። ሰንጠረዡ የስክሪኑን ቀኝ ግማሽ ይይዛል። ወዲያው በግራው ግማሽ ሌሎቹ ክፍት መስኮቶች አነስ አነስ ብለው ይደረደራሉ። በቀስት ፎቶው ላይ ሂጂና ኢንተር ምቺ። አለቀ። ግራ የድሮው መዝገብ፣ ቀኝ አዲሱ ሰንጠረዥ። መዝገቡ ከእድሩ ቤት አይወጣም ስላሉሽ በስልክሽ ያነሳሽው ፎቶ አሁን ነው ጥቅሙ የሚታይሽ።

የዊንዶውስ ቁልፍና ወደ ላይ ቀስት ሙሉ ስክሪን ያደርገዋል፤ ግማሽ ስክሪን ይዞ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ላይኛው ጥግ ይሰበስበዋል፣ ስትደግሚው ነው ሙሉ የሚሆነው። ወደ ታች ቀስት ይቀንሰዋል፤ ከደጋገምሽው ዝቅ ብሎ ግርጌ ይገባል። ሲገባብሽ አትደንግጪ፤ የት እንዳለ አውቀሻል።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚመጣ ሌላ ጉድ አለ። «እጽፋለሁ፣ ምንም አይጻፍም» ያልሽው ነገር። ሁለቱንም ብታያቸውም ኮምፒውተሩ የሚሰማሽ በአንዱ በኩል ብቻ ነው፤ መጨረሻ የነካሽው የቱ ነው? ፎቶውን ልታጎዪ ነክተሽው ከነበረ ጽሑፍሽ ወደ ፎቶው ነው የሚሄደው፤ ፎቶ ደግሞ አይጻፍበትም። ይባስ ብሎ ወደሚቀጥለው ሣጥን ልሂድ ብለሽ የቀኝ ቀስትን ስትመቺ ሌላ ፎቶ ይመጣል። አንቺ አላየሽም፤ ስሙን ከአንድ ገጽ፣ መዋጮውን ከሌላ ገጽ እያነበብሽ ትቀጥያለሽ። ባለፈው «የሰው ሒሳብ ተምታታብኝ» ያልሽው ከዚህ የመጣ ነው የሚመስለኝ። መላው ቀላል ነው። አልትን ይዘሽ ታብን አንዴ ምቺና ሁለቱንም ልቀቂ፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ትሻገሪያለሽ። ከተጠራጠርሽም ሰንጠረዡ ውስጥ የምትጽፊበትን ሣጥን አንዴ በማውስ ነካ አድርጊውና ጀምሪ። የፎቶውን ገጽ ቁጥር ደግሞ ከሰንጠረዡ አናት ላይ ጻፊው። እድር ላይ በሰው ገንዘብ መሳሳት እንዴት እንደሚያስወራ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

የቀድሞዋ ጸሐፊ እጅ ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ ግማሽ ስክሪን ላይበቃሽ ይችላል። በሁለቱ መስኮቶች መሃል ያለችውን ድንበር ይዘሽ ብትስቢ አንዱ ሲሰፋ ሌላው በዚያው ልክ ይጠባል። ማውሱን ድንበሯ ላይ ስታደርሺው ቀስቱ ሁለት ራስ ያወጣል፤ ያኔ ተጭነሽ ሳትለቂ መሳብ ነው። ይህ እጅሽን ካስቸገረው የዊንዶውስ ቁልፍንና ዜድን አብረሽ ምቺ። የአቀማመጥ ሥዕሎች ከነቁጥራቸው ይመጣሉ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ የሆነበትን ቁጥር ምቺ፤ ቀጥሎ መስኮቱ እንዲቀመጥበት የፈለግሽውን ቦታ ቁጥር። ለፎቶው ሰፊውን ስጪው። ለሰንጠረዡ ስም፣ ወር፣ መዋጮና ቅጣት ከታዩሽ ይበቃል፤ የቀረው ዓምድ ቢደበቅ ምን ቸገረሽ?

«ይሄ ነገር ሰይጣን አለበት፣ በራሱ ጊዜ ይሰፋል» ያልሽውም ምክንያት አለው፤ ጠበል አያስፈልገውም። መስኮቱን የፋይሉ ስም ከተጻፈበት ከላይኛው ጠርዙ ይዘሽ ስትጎትቺ፣ ማውሱ የስክሪኑን አናት ከነካ መስኮቱ ሙሉ ይሆናል። የግራ ወይም የቀኝ ጠርዝን ከነካ ግማሹን ይይዛል። ጣትሽ ሲንሸራተት አንዱን ትነኪያለሽ፣ እሱም የታዘዘ መስሎት ይሰፋል። ያለ ማውስ ማንቀሳቀስ ከፈለግሽ አልትንና ስፔስን አብረሽ ምቺ፤ ትንሽ ዝርዝር ትወርዳለች። በታች ቀስት «ሙቭ» የሚለው ላይ ውረጂና ኢንተር። ከዚያ በቀስቶቹ መስኮቱን ወደፈለግሽበት ግፊው፤ ቦታው ሲስማማሽ ኢንተር። ልኩን ለመቀየር ደግሞ «ሳይዝ» የሚለውን ምረጪ። ሙሉ ስክሪን ሆኖ እያለ ግን «ሙቭ» ደብዝዞ ነው የሚታየው፤ መጀመሪያ ልኩን ቀንሺው።

አንዲት ደግሞ በጣም የምትወጃት ነገር። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ድንገት ሲገባ የማን ውዝፍ ስንት እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። የዊንዶውስ ቁልፍንና የዲ (D) ፊደልን አብረሽ ምቺ፤ ሁሉም ባንዴ ይወርዳል። እንግዳው ሲሄድ ያንኑ ድገሚ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ላፕቶፑን ከድነሽ ብትነሺም ስትከፍቺው መስኮቶችሽን እንዳስቀመጥሻቸው ታገኛቸዋለሽ። ባትሪውን ግን አትመኚው፤ አርጅቷል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ስለዚህ አምስት ስድስት ስም በጻፍሽ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስን ምቺ፤ የጻፍሽውን ሴቭ ያደርግልሻል። ጣትሽ ይልመደው።

የማይነበብ ገጽ ካጋጠመሽ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ እኔ እዚህ ትልቁ ስክሪን ላይ አጉልቼ አነብልሻለሁ። ባትሪውንም አዲስ ላገኝልሽ እየጠየቅኩ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አድርገሽ ጠብቂኝ፣ ድንበሯን አብረን እናስተካክላለን። የጎረቤትሽ ልጅ ከመጣ ሻይ ስጪው፤ ማውሱን ግን አታስጨብጪው።

ልጅሽ፣ ከአዲስ አበባ