ለዚያች ልጅ ምን ልበላት?

ይድረስ ለወዳጄ፤

እንዴት ነሽ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። የመጨረሻ መልእክትሽን ሳልመልስ ዓመት አለፈ። በዘገየሁ ቁጥር ማፈር፣ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ መዘግየት ሆነብኝ። ይቅር በይኝ። ዛሬም የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው፤ አልዋሽሽም።

ዘንድሮ ተማሪዎቹን የምርምር ፕሮጀክት የማሠራው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያመጡት ርዕስ «ስለ ዕፅዋት» የሚል ነበር። «ስለ» ብሎ የሚጀምር ርዕስ ስታዪ ፊትሽ እንዴት እንደሚጨማደድ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ጥያቄ ይዛችሁ ኑ ብዬ መለስኳቸው። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በኋላ አንዷ «ባቄላ በብርሃንና በጨለማ ቢበቅል የቱ ይረዝማል?» ብላ መጣች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በማስመሪያ የሚለካ ጥያቄ ነው። ብርሃን ያገኘው ይረዝማል ብላ መላምቷን ጻፈች። 10 ዘር መስኮት ላይ፣ 10 ዘር ቁም ሣጥን ውስጥ አደረገች። አፈሩም ውሃውም እኩል ነው።

ትናንት ደብተሯን ሳገላብጥ የ12ኛው ቀን ገጽ በላጲስ ሳስቶ አገኘሁት። ወደ መብራቱ ጠጋ ሳደርገው የድሮው ቁጥር ይነበባል። የጨለማዎቹ አማካይ ቁመት 21 ሴንቲ ሜትር፣ የመስኮቶቹ 12። አቀያይራ ጽፋቸዋለች።

ትክክሉ ግን የተፋቀው ነበር! ጨለማ ውስጥ የበቀለ ቡቃያ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል። ይቀጥናል፣ ይገረጣል፣ ቅጠሉ በደንብ አይዘረጋም፤ ግን ይረዝማል። ዘሩ ውስጥ ያለው ስንቅ እስኪያልቅ ድረስ ማለት ነው። ልጅቷ በዓይኗ ያየችውን አጥፍታ የገመተችውን ጻፈች።

ጠርቼ ጠየቅኳት። «መላምቴ ተሳሳተ፤ ማርክ ይቀነስብኛል ብዬ ነው» አለችኝ። ቀስ ብላ፣ ጫማዋን እያየች።

እንዴት ልንገርሽ... የማርክ አሰጣጡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «ውጤቱ መላምቱን ይደግፋል፤ 10 ማርክ» ይላል። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። ላጲሱን ያቀበልኳት እኔ ነኝ ማለት አይደል? ሌሊቱን ይሄው ሲያብሰለስለኝ አደረ።

መስመሩን ሰርዤ «ያየውን እንዳየው መዝግቧል» የሚል አስገብቻለሁ። ከእንግዲህ በእስክሪብቶ ነው የሚመዘግቡት፤ የተሳሳተ ቁጥር አንድ መስመር ይሰመርበታል እንጂ አይጠፋም። ከኢንተርኔት ገልብጠው ምንጭ የማይጠቅሱም አሉብኝ፣ እሱ ሌላ ቀን ይደርሳል። አሁን የጨነቀኝ የልጅቷ ዝምታ ነው። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ትታለች። ሙከራውን እንደ አዲስ ትጀምር? ወይስ ያንኑ ገጽ ይዛ ጓደኞቿ ፊት «መጀመሪያ ያየሁት ይሄን ነበር» ትበል? ሁለተኛው ለሁሉም ትልቅ ትምህርት ነው፤ እሷን እንዳይሰብራት ግን ፈራሁ። አንቺ ሰው ሳታሳፍሪ ማረም ታውቂበታለሽ። ያኔ እኔንም... ተይው፣ ታውቂዋለሽ።

ደብተሯን ሰኞ እመልስላታለሁ። እባክሽ ከዚያ በፊት አንድ መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ። ባቄላዎቹ አሁንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው። ዛሬ ውሃ አጠጣኋቸው።

ናፍቀሽኛል።