ለእማዬ፣ ስለ ሲስቱ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ትናንት ስትደውዪ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለው መንገድ ለእንዲህ ያለ ወሬ አይበቃም፤ ሰውም ጆሮውን አቁሞ ነበር። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

የተገኘብኝ ሲስት ነው፤ የእንቁላል ማምረቻዬ ላይ የተቋጠረ ውሃ በዪው። በየወሩ እንቁላሉን የምትይዘው ትንሽ ከረጢት ፈንድታ እንቁላሉን መልቀቅ አለባት። አንዳንዴ ሳትፈነዳ ትቀርና ውሃ እየያዘች ታብጣለች። የኔ በግራ በኩል ነው፣ 4 ሳንቲ ሜትር። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት የወር አበባ ሲያልፍ በራሱ ይጠፋል። ሐኪሟም መድኃኒት አላዘዘችልኝም፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እናየዋለን ብላ ሸኘችኝ።

አልትራሳውንዱ አያምም። የሚያሰቃየው ሽንት መያዙ ነው። «ውሃ ጠጪና ሲወጥርሽ ትገቢያለሽ» ይሉሻል። ኮሪደሩ ላይ ሁላችንም ሃይላንዳችንን ይዘን፣ እግራችንን አጣምረን በሩን እናያለን። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «በናትሽ አታስቂኝ፣ ያመልጠኛል» ስትል እኔም ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረኝ።

«መሃን ትሆናለች» ያሉሽ ሰዎች ሁሉን አንድ ላይ ጨፍልቀውታል። መውለድን ሊያስቸግሩ የሚችሉ አሉ፤ ደም የሚቋጥረው ዓይነት አለ፣ ወር አበባ የሚያዛባው ፒሲኦኤስ የሚሉትም አለ። እነሱም ቢሆኑ ሕክምና አላቸው፤ ብዙዎቹ ይወልዳሉ። የኔ ከሁለቱም አይደለም። ባይጠፋና በቀዶ ሕክምና አንዱ ማምረቻ ቢወጣ እንኳ፣ ጤነኛው አንዱ ለመውለድ ይበቃል።

መጠንቀቅ ያለብኝ ማምረቻው ድንገት ዞሮ እንዳይጠማዘዝ ነው። ያኔ ኃይለኛ የሆድ ሕመምና ትውከት ይመጣል፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ታውቃለች።

«ብርድ መቶሽ ነው» ያልሽውን ለሐኪሟ አልነገርኳትም። ዳማከሴውን ግን ላኪው፣ ለምች ይሆነኛል።

«ለእጮኛሽ ቤተሰብ እንዳትነግሪ፣ ሰርጉንም አፍጥኑት» ላልሽው ግን እሺ አልልሽም። ለሱ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ያመኝ እንደሆነ ነው፤ ስለ ልጅ አላነሳም። ሰርጉም ባልነው ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጅ እንወልዳለን ብለን ስንወስን እንወልዳለን፤ ሲስቱ ቀጠሮ አይቆርጥልንም።

አንቺም እኮ ሆድሽን ሲቆርጥሽ ጎረቤት እንዳይሰማ እያልሽ ስንት ዓመት ቻልሽው። እኔ እንደዛ መሆን አልፈልግም። አሁንም የሚያምሽ ካለ ንገሪኝ፤ እዚህ ነይና አብረን እንታይ። አክስቴ ስለኔ ከጠየቀችሽ ይህንኑ አንብቢላት።

ልጅሽ