በግ ጠባቂ ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ የካንጋል ውሻ

ለውሻ ማርቢያና ማሠልጠኛ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የበግ ጠባቂ ውሻ በውል ተስማምተን የበር ዘበኛ ስላስረከባችሁኝ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ሱሉልታ ዳር በግ አረባለሁ። አካባቢያችን ጅብ አያጣም፤ ቀን ቀን ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ ይዞራሉ። ከእናንተ የካንጋል ቡችላ የገዛሁት ከበጎቹ ጋር የሚውልና የሚያድር ውሻ ስለፈለግሁ ነው። ውላችን ላይም «ከበግ ጋር አድጎ ይረከባል» ይላል። የመጣልኝ ግን በግ ሲያይ የሚያሳድድ፣ እረኛው ዱላ ሲያነሳ ሊነክሰው የሚዘል፣ ቀኑን ሙሉ የግቢው በር ላይ የሚያፈጥ ውሻ ነው።

ነገሩ የገባኝ አሠልጣኛችሁን ሳነጋግር ነው። ቡችላው ያደገው ሰንሰለት ላይ ነው። ከጀርመን ሸፐርድ ውሾች ጋር አሠልጣኙ ክንዱ ላይ የሚያጠልቀውን ወፍራም እጅጌ መንከስ ተምሯል። በግ የሚባል ነገር ግቢያችሁ ውስጥ የለም። ይህን ሁሉ የነገረኝ እንደ ጥሩ ሥራ ቆጥሮት ነው። እኔም በእሱ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው።

የምትሸጡት ውሻ ምን እንደሆነ ግን ልንገራችሁ። ካንጋል የቱርክ ውሻ ነው፤ ስሙን ያገኘው በሲቫስ ክፍለ ሀገር ካለችው የካንጋል ወረዳ ነው። የዚያ አገር እረኞች በጎቻቸውን ከተኩላ የሚያስጠብቁት በእሱ ነው። ተኩላ ጉሮሮውን እንዳይዘው ሹል ሹል ብረት ያለበት ማሰሪያ አንገቱ ላይ ያደርጉለታል። መልኩ አሸዋማ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጭራው ወደ ላይ የተጠቀለለ ነው። ፀጉሩ አጭር ቢሆንም ከሥሩ ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር አለው፤ የሲቫስን በረዶ የሚችለው በዚያ ነው። (ለሱሉልታ ብርድ ብላችሁ ጨምራችሁ የሸጣችሁልኝን የውሻ ጃኬት መልሼ ልኬላችኋለሁ።)

ይህ ውሻ «ያዝ!» ተብሎ የሚታዘዝ አይደለም። እረኛው ቢተኛም፣ ባይኖርም፣ አይቶ የሚወስነው ራሱ ነው። መናከስም የመጨረሻ አማራጩ ነው። መጀመሪያ ይጮኻል። ከዚያ በመንጋውና በመጣው አውሬ መካከል ይቆማል። አብዛኛው አውሬ መቁሰል ስለማይፈልግ ትቶ ይሄዳል። ናሚቢያ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ካንጋልንና የቅርብ ዘመዱን የአናቶሊያ እረኛ ውሻን ለከብት አርቢዎች ሲሰጥ የቆየው ለዚህ ነው። ውሻው ፍየሉን ከጠበቀ ገበሬው አቦሸማኔ የሚገድልበት ምክንያት ይቀንሳል።

ይህ ጠባይ በዘር ብቻ አይመጣም። ቡችላው 8 ሳምንት ገደማ ሲሆነው በረት ይገባል፤ ከግልገሎች ጋር ይተኛል፣ ሽታቸውን ይለምዳል። እስከ 4 ወሩ ድረስ አብረውት የኖሩትን እንስሳት እንደ ወገኑ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ማላመድ በጣም ከባድ ነው። የእኔ ውሻ ያን ጊዜ ያሳለፈው እናንተ ግቢ፣ ሰንሰለት ላይ ነው። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። አሁን ደውላችሁ «ተጨማሪ ሥልጠና በነፃ እንሰጣለን» ማለታችሁ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ማስታወቂያችሁንም ሳላነሳ አላልፍም። «እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን፣ ብቻውን ጅብ የሚገድል» ይላል። የዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለወንድ ካንጋል ያስቀመጠው መለኪያ ከ48 እስከ 60 ኪሎ ነው፤ ቁመቱም ትከሻው ላይ ከ72 እስከ 78 ሴንቲ ሜትር። 100 ኪሎ ለመድረስ የሚመገብ ቡችላ መገጣጠሚያው ይበላሻል እንጂ ካንጋል አይሆንም። ጅቡንስ ማን ግደሉልኝ አላችሁ? ጅብ እንደ አቦሸማኔ ስለጮኹበት ብቻ የሚሸሽ አይደለም፤ በመንጋ ከመጣ አንዱን ውሻ ይበላዋል። ስለዚህ በጎቼ ማታ ማታ አጥር ውስጥ ይገባሉ። ከውሻው የምጠብቀው ቀድሞ እንዲሰማና እንዲያስጠነቅቅ ነው። ማስታወቂያችሁን አምኖ አንዱን ውሻ ሜዳ ላይ የሚያሳድር ሰው ቢኖርስ? አሳሳች ማስታወቂያ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ታውቃላችሁ ብዬ አስባለሁ።

«በሌላ እንቀይርልህ» ያላችሁትን አልቀበልም። የስልክ ቀፎ አይደለም የገዛሁት። ውሻው ጥፋት የለበትም፣ ልጆቼም ወደውታል። በገመድ ይዘን ከሁለት ጠና ካሉ በጎች ጎን እያዋልነው ነው። ጠቦቶቹ ግን ገና አያምኑትም፤ እውነታቸውን ነው።

የምጠይቀው ይህ ነው። ለሥልጠና ብላችሁ የተቀበላችሁኝ ገንዘብ ይመለስልኝ። የእናትና የአባቱን ማስረጃ ላኩልኝ፤ ካንጋል መሆኑን እስካሁን ያየሁት በእናንተ ቃል ብቻ ነው። የክትባት ደብተሩን የእብድ ውሻ በሽታ ገጽ ባዶ አድርጋችሁ ነው የሰጣችሁኝ። ተከትቦ ከሆነ የሐኪሙ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይምጣ፤ ካልተከተበም በግልጽ ተናገሩ፣ ሰው የሚነክስ ውሻ ነው ያሠለጠናችሁት። ማስታወቂያውንም አርሙት።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ የተነገረኝ ሁሉ በማግስቱ «ማን ነው ያለህ?» እየተባለ ስለሚካድ ከእንግዲህ በስልክ አልነጋገርም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከሱሉልታ

ግልባጭ፦
ለአካባቢው ንግድ ጽሕፈት ቤት