የቤተሰብ ደብዳቤ ሲገለበጥ አይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በማውቃቸው የአዳማ ቤተሰቦች ዘንድ ከአያቶች ሣጥን የወጡ ደብዳቤዎችን በኮምፒውተር እየገለበጡ የዘር ሐረጋቸውን የሚያጠኑ ወጣቶች መኖራቸው ደስ ያሰኘኛል። ይሁን እንጂ ደብዳቤን መገልበጥና ደብዳቤን መተርጎም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል በገዛ ቤታችን ስላየሁ፣ ይህንኑ ለአንባቢዎቻችሁ ለማስረዳት ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አያቴ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ሴት አያቴ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለመውለድ እንደ ወጉ ቡልጋ ወደሚገኘው የእናታቸው ቤት በሄዱ ጊዜ ከዚያ ለአያቴ የተላከ አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ በእጃችን አለ። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ይህንንና ሌሎቹን ደብዳቤዎች ገልብጦ፣ የዘር ሐረጋችንንም አዘጋጅቶ፣ በመጽሔት መልክ አሳትሞ ለዘመድ ሁሉ አደለ። ልፋቱን ከልቤ አከብራለሁ። ነገር ግን ሲገለብጥ ፊደሉን አረመ፣ ቀኑን በራሱ ግምት ለወጠ፣ የዝምድናውንም ቃል እንደ ወረደ ተቀበለ።

ደብዳቤው ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም፤ «በዘመነ ዮሐንስ፡ በግንቦት ሚካኤል፡ ተጻፈ» ብቻ ይላል። ሚካኤል 12ኛው ቀን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዘመኑን ለማግኘት ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል ያለ ቀሪ የሚወጣው ዘመነ ዮሐንስ በመሆኑ፣ ዓመቱ 1944፣ 1948 ወይም 1952 ሊሆን ይችላል። በደብዳቤው ውስጥ ግን ከወንጂ ለተላከው ስኳር ምስጋና ስላለ፣ ፋብሪካውም ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ስለሆነ፣ 1944 ይወድቃል፤ ፲፱፻፶ ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ሕፃኗ መሮጥ መጀመሯን ስለሚያወሳ 1952ም ይወድቃል። የአጎቴ ልጅ እዚህ ድረስ በትክክል ደርሷል፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም።

ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደብዳቤው «ሴት፡ ልጅ፡ ተወለደችልህ። የተወለደችውም፡ ገና፡ ነው።» ይላል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ «ገና» ላልቶ ከተነበበ ሕፃኗ ከተወለደች ብዙ ቀን እንዳልሆናት ይናገራል፤ ጠብቆ ከተነበበ ግን የልደት በዓል ይሆናል። የአጎቴ ልጅ አጥብቆ አነበበውና የአክስቴን የልደት ቀን «ታኅሣሥ 29 ቀን 1948 ዓ.ም.» ብሎ አሳተመ፤ የደብዳቤውንም ቃል «በገና በዓል ተወለደች» ብሎ ስላስተካከለው፣ መጽሔቱን ብቻ የሚያነብ ሰው የሚጠራጠርበት ነገር አላገኘም። በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል የሚከበረው ታኅሣሥ 28 በመሆኑ፣ በራሱ አነባበብ እንኳ ቀኑ የተሳሳተ ነበር።

መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ አያቴ በሐምሌ ለክርስትናው እንዲደርሱ ይጠየቃሉ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በተወለደች በ80 ቀን ስለሆነ፣ ለገና ተወልዳ ቢሆን ኖሮ ክርስትናዋ በመጋቢት ባለፈ ነበር። ከሐምሌ 80 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያደርሳል። አክስቴን ስጠይቃቸው ደግሞ እናታቸው የዚያን ዓመት ሁዳዴ ነፍሰ ጡር ሆነው ጾመው፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ እንደ ወለዷቸው ይነግሯቸው እንደ ነበር አስረዱኝ። ማንም ቀደም ብሎ አልጠየቃቸውም።

ሁለተኛው ስሕተት ዝምድናን የሚመለከት ነው። ጸሐፊው «ለውድ ወንድሜ» ብለው ጀምረው «ወንድምህ» ብለው ስለ ጨረሱ፣ በዘር ሐረጉ ላይ የአያቴ ወንድም ተደርገው የቅድመ አያቴ ልጅ ሆኑ። እኚህ ሰው ግን የሴት አያቴ ወንድም፣ ለአያቴ አማች ናቸው። አማች ለአማቹ «ወንድሜ» ብሎ መጻፉ የቆየ የአክብሮት ወግ ነው። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ በሚጋባበት አገር አንድን ሰው ከእናት ወገን አንሥቶ በአባት ወገን መትከል የብዙ ቤተሰብ ቆጠራ ያፋልሳል።

የፊደል እርማቱም ጉዳት አድርሷል። ያን ደብዳቤ የጻፈው እጅ «ጸሎት»ን ሁልጊዜ በ«ፀ» ይጽፋል፤ ስምና ቀን የሌለው ሌላ ደብዳቤም የዚያው እጅ መሆኑን ያወቅሁት በዚህና በፊደሉ አጣጣል ነው። በመጽሔቱ ላይ ግን ሁሉም በ«ጸ» ስለ ታረመ ምልክቱ ጠፍቷል።

ስለዚህ ደብዳቤ የሚገለብጡ ሁሉ ፊደሉን፣ ሁለት ነጥቡንና የግእዙን ቁጥር እንዳለ እንዲያስቀምጡ፣ ያልተነበበውን በግምት ከመሙላት ይልቅ ባዶ እንዲተዉ፣ ትርጓሜያቸውንም በሌላ ገጽ እንዲጽፉ እለምናለሁ። «ናዝሬት» የሚለውን «አዳማ»፣ «ይረርና ከረዩ አውራጃ» የሚለውንም በዛሬው አከላለል መተካት አይገባም፤ የቦታው የያኔ ስም ራሱ ዘመንን ይጠቁማልና። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ መጨረሻ 2008 ዓ.ም. እንደ መሆኑ፣ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ለብዙዎቹ የልደታቸው ማስረጃ እንዲህ ያለ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን በፕላስተር መለጠፍም ሆነ በላስቲክ ማሸግ ይጎዳዋል፤ ሁለቱንም ገጽ ከነፖስታው ፎቶግራፍ አንሥቶ በደረቅ ቦታ ማኖር ይበቃል።

የአጎቴ ልጅ አስተያየቴን በመልካም ተቀብሎ ሁለተኛውን እትም አብረን እያዘጋጀን ነው። በዚህኛው እትም ደብዳቤው በፎቶግራፍ፣ ግልባጩ ከጎኑ፣ አክስቴም የተናገሩት ከነስማቸው ከሥሩ ይታተማል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዳማ