በማርሴይ ጉብኝት ላይ የቀረበ ቅሬታና የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በማርሴይና በአካባቢው ጉብኝት ተከፍሎባቸው ያልተሰጡ አገልግሎቶችን ይመለከታል

ባለፈው ነሐሴ ወር ድርጅታችሁ በአማርኛ ተናጋሪ አስጎብኚ ባዘጋጀው የደቡብ ፈረንሳይ ጉዞ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣችው ወላጅ እናቴ ጋር ተሳትፌአለሁ። ሙሉ ክፍያውን ከጉዞው አስቀድመን የፈጸምን ሲሆን፣ ደረሰኙና የላካችሁልን መርሐ ግብር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። ይህን ቅሬታ ለማቅረብ የተገደድኩት ከመርሐ ግብሩ ዋና ዋናዎቹ ሳይፈጸሙ በመቅረታቸውና፣ ከዚያም በላይ፣ በነጻ ለሚገኝ ነገር ገንዘብ እንደተቀበላችሁን በማረጋገጤ ነው።

ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም። በደረሰኙ ላይ «የሱጂቶን መግቢያና ማስያዣ» በሚል በነፍስ ወከፍ 18 ዩሮ ከፍለናል። ሱጂቶን ከማርሴይ እስከ ካሲስ በሚዘልቀው፣ ባሕሩ በነጫጭ የኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል ሰርጎ በሚገባበት የካላንክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ የባሕር ዳርቻ ነው። የጎብኚው ብዛት አፈሩን እየሸረሸረ የዛፎቹን ሥር ስላራቆተ፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሕዝብ በሚበዛባቸው የበጋ ቀናት የሚገባውን ሰው ቁጥር በቀን በ400 ወስኗል። ለመግባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በኢንተርኔት ይመዘገባል፤ ለምዝገባውም ሆነ ለመግቢያው ግን አንድም ሳንቲም አይከፈልም። እኛ መንገዱ ከሚጀምርበት ከሉሚኒ ደርሰን ጠባቂዎቹ የምዝገባ ማረጋገጫ ሲጠይቁ፣ አስጎብኚያችን በእጁ የነበረው የተሳታፊዎች የስም ዝርዝር ብቻ ነበር። ምዝገባ ስላልተደረገልን ተመለስን፤ የቀኑን ቀሪ ሰዓትም ያለ ፈቃዳችን በአንድ የገበያ ማዕከል እንድናሳልፍ ተደረገ።

ከዚያው ወደ ቢሯችሁ ስደውል ስልኩን ያነሱት ሠራተኛ «ፓርኩ በእሳት አደጋ ምክንያት ተዘግቷል» አሉኝ። በበጋ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ የአካባቢው አስተዳደር ደኑን ለጎብኚ እንደሚዘጋ፣ የነገውንም ሁኔታ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ለሕዝብ እንደሚያሳውቅ እውነት ነው። በዚያ ቀን ግን መንገዱ ክፍት ነበር፤ ማረጋገጫቸውን በስልካቸው ያሳዩ ሌሎች ጎብኚዎች ከእኛ ፊት እያለፉ ሲገቡ ቆመን አይተናል። ድርጅቱ ምዝገባውን ረስቶ ቢሆን እንኳ ይቅርታ በመጠየቅ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ በዐይናችን ያየነውን የሚክድ ምክንያት መስጠት ግን ደንበኛን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው።

ሁለተኛው የኢፍ ደሴት ምሽግ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ ኋላ ላይ እስር ቤት የሆነውን ይህን ምሽግ ለማየት ከአሮጌው ወደብ በጀልባ መሻገር ያስፈልጋል። ሚስትራል የሚባለው ብርቱ የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ ግን ጀልባው በደሴቲቱ ለመቆም አይችልም። የሆነውም ይኸው ነው፤ ስለ ነፋሱ ማንንም አልከስም። ቅሬታዬ «ትኬቱ አስቀድሞ ስለተገዛ ገንዘቡ አይመለስም» በመባላችን ላይ ነው። ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት ራሴ ሄጄ ስጠይቅ፣ በነፋስ ምክንያት ለተሰረዘ ጉዞ የተከፈለ ገንዘብ እንደሚመለስ ተነግሮኛል። እንግዲህ ወይ ትኬቱ አልተገዛም፣ ወይ ገንዘቡ ለእናንተ ተመልሷል፤ በሁለቱም መንገድ የእኛ ገንዘብ በእናንተ እጅ ይገኛል።

እናቴን ለዚህ ጉዞ ያነሳሳት በከተማው ከፍተኛ ኮረብታ ላይ የቆመችው፣ በወርቅ የተለበጠ ግዙፍ የእመቤታችን ሐውልት ያላት የኖትርዳም ደ ላ ጋርድ ቤተ ክርስቲያን ናት። መርሐ ግብሩ «በተሽከርካሪ እስከ ደጃፉ» ይላል። ነገር ግን አውቶቡሱ ከኮረብታው ግርጌ አወረደንና፣ ጉልበቷን የሚያማት የሰባ ዓመት አዛውንት ያንን አቀበት በነሐሴ ፀሐይ በእግሯ እንድትወጣ ተገደደች። የሚያሳዝነው፣ ከአሮጌው ወደብ ተነስቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ የሚወጣ 60 ቁጥር የተባለ የከተማ አውቶቡስ መኖሩ ነው፤ አስጎብኚያችን ግን ይህን እንዲያውቅ አልተደረገም። እናቴ ከደረሰች በኋላ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ትናንሽ መርከቦች፣ ከባሕር የተረፉ ሰዎች ስእለታቸው ሲሰምር ያስገቧቸውን ምስሎች፣ እንዲሁም በ1944 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ነጻ ለማውጣት በተደረገው ውጊያ የጥይት ምልክት የቀረበትን ግድግዳ ረጋ ብላ ማየት ፈልጋ ነበር። የተሰጠን ጊዜ ግን ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። በደረሰኙ ላይ በዚህም ስፍራ የ«መግቢያ» ሒሳብ ተጽፏል። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ መግባት ለማንም ሰው በነጻ ነው።

ወቅቱ የፍልሰታ ጾም እንደነበረ ስንመዘገብ በጽሑፍ ገልጸን፣ የጾም ምግብ እንደሚዘጋጅ ማረጋገጫ ተሰጥቶን ነበር። የቀረበልን ቡያቤስ የተባለው የከተማው ዝነኛ የዓሣ ሾርባ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፤ እናቴ አትበላም፣ ይህንንም አስቀድሜ ጽፌላችኋለሁ። ከሽምብራ ዱቄት ተሠርቶ በዘይት የሚጠበሰው ፓኒስ የማርሴይ ሰው የዘወትር ምግብ ሆኖ ሳለ፣ እናቴ በዳቦና በውኃ መዋሏ ከማሰብ ጉድለት እንጂ ከምግብ እጦት የመጣ አይደለም።

በማስታወቂያችሁ ላይ በጉልህ የተጻፈው «ከሐረር እስከ ማርሴይ» የተሰኘው ክፍል ደግሞ ጨርሶ አልተካሄደም። በሐረር በነጋዴነት የኖረው ገጣሚ አርተር ራምቦ ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወደ ዘይላ ወርዶ፣ በኤደን በኩል በግንቦት 1891 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ሲደርስ በኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል እግሩ ተቆርጧል፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ቀንም እዚያው አርፏል። ሆስፒታሉ ዛሬ አዲስ ሕንፃ ቢሆንም የመታሰቢያ ጽሑፍ አለበት። እኛ ግን በአውቶቡስ መስኮት «በዚያ በኩል ነው» ተብሎ ከማለፋችን በቀር አላየነውም፤ መቃብሩም በማርሴይ እንደሚገኝ ተነገረን። የተቀበረው በሰሜን ፈረንሳይ በትውልድ ከተማው በሻርልቪል ነው። ስለ ወጣቱ አስጎብኚ ትሕትናና ትጋት እመሰክራለሁ፤ በተለይ በፓኒየር ሰፈር ጠባብ መንገዶችና የቀድሞ የድሆች መጠለያ በሆነው በቪዬይ ሻሪቴ ግቢ ያደረገልን ገለጻ ያማረ ነበር። ስለ ሌላው ቦታ በቂ ዝግጅት ሳይሰጡ መንገደኛ ያስረከቡት ግን ኃላፊዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ለሱጂቶንና ለቤተ ክርስቲያኗ «መግቢያ» የተከፈለው፣ የኢፍ ጀልባ ዋጋና ያልተካሄደው የሐረር–ማርሴይ ክፍል ክፍያ ለሁለታችንም ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ፣ በስልክ የተሰጠኝም የሐሰት ምክንያት በጽሑፍ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ፣ ጉዳዩን በምኖርበት አገር ለሚገኘው የሸማቾች መብት ተቋም ከማስረጃዎቹ ጋር አቀርባለሁ። ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ፣ ስሜና የደረሰኙ ቁጥር በአባሪው ቅጽ ላይ ሰፍረዋል።

ከአክብሮት ጋር