የዓረብ አገር ገንዘብ በላኪዋ ስም ይቀመጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከውጭ አገር የሚላከው ገንዘብ ጨመረ የሚል ዜና በየጊዜው ታወጣላችሁ። ዜናው እውነት ነው፣ ደስም ይላል። አገራችን ከቡና ከምታገኘው ዶላር ልጆቿ የሚልኩት ይበልጣል። እኔ በደቡብ ወሎ፣ በአንዲት ከተማ፣ ያንን ገንዘብ በባንክ መስኮት የምከፍል ሠራተኛ ነኝ። ከመስኮቱ የማየው ነገር ግን በዜናው ውስጥ የለም።

በገበያ ቀን ሰልፉ በሩ ጋ ይደርሳል። አብዛኞቹ አባቶችና እናቶች ናቸው። የሚስጥር ቁጥሩን በእስክሪብቶ አስጽፈው፣ ወረቀቱን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። የላኪዋን ስም እጠይቃለሁ። «ዘሀራ» ይሉኛል፤ ሲስተሙ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። ልጅቱ የሄደችው ደላላ ባወጣላት ስም ነው፣ ዕድሜዋም ተጨምሮበታል። «አባባ፣ እስቲ ይደውሉላት» እላለሁ። በኢሞ ይደውላሉ፣ አታነሳም። «ማዳሟ ቤት ሆና ነው ልጄ፣ ማታ ነው የምታነሳው» ይሉኛል። ሰውዬው ከገጠር በእግራቸው የመጡ ናቸው። ባዶ እጃቸውን ይመለሱና በማግስቱ ደግሞ ይመጣሉ።

ገንዘቡ የት ይገባል? መጀመሪያ ዕዳ ይከፈልበታል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል ይላል። ሰፈር ያለው ደላላ ግን ከቤተሰቡ ይቀበላል። በሬ ይሸጣል፣ መሬት በኮንትራት ይሰጣል፣ ከዘመድ ይበደራሉ። የሚሸጥ ነገር የሌለው ቤት ልጁን መላክ አይችልም። ስለዚህ ነው ከሁሉ የደኸየው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከሰልፉ የማይገኘው። ሰው ትንሽ ሲያገኝ ስደት ይቆማል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩት ጥሩ ነው። ትንሽ ያገኘው ነው መንገዱን የሚጀምረው።

ከዕዳው ቀጥሎ ቆርቆሮ ይገዛል። ከዚያ የታናሽ ወንድም ትምህርት፣ የእናት ሕክምና፣ ማዳበሪያ፣ የዓረፋ በግ። ስብሰባ ላይ «ገንዘቡ ለፍጆታ ብቻ ዋለ» ሲባል እሰማለሁ። በጭራሽ አልስማማም። የታመመች እናት መታከሟ ልማት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የገባውን ስንቱን ቤተሰብ ያኖሩት ሪያድና ዱባይ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ወላጆችን አልወቅስም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ገንዘቡ የሚገባው በአባት ወይም በወንድም ሒሳብ ነው። ቤቱ የሚሠራው በአባት ይዞታ ላይ ነው። ባጃጁ የሚገዛው በወንድም ስም ነው። አንዲት ልጅ ከጅዳ እንደተመለሰች የሒሳብ ደብተር ይዛ መጣች። «ስንት አለው?» አለችኝ። ሒሳቡ የወንድሟ ነበርና ልነግራት አልችልም፣ ሥራዬ አይፈቅድልኝም። «እኔ ነኝ እኮ የላክሁት» አለች። ስልኳን አውጥታ የላከችባቸውን ደረሰኞች አንድ በአንድ እያሳለፈች አሳየችኝ። ሁሉም እኛ ቅርንጫፍ የተከፈሉ ናቸው። ብዙዎቹን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ወንድሟ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ገንዘቡ በዚያው አልቋል። ብዙም ሳይቆይ ፓስፖርቷን ልታሳድስ መሄዷን ሰማሁ።

እንዲህ ዓይነቷ ልጅ ሁለተኛ ስትሄድ አገሪቱ ዶላር አገኘች ይባላል። ልጅቱ ግን ከጀመረችበት ናት። እንዲያውም ዕድሜዋና ጤናዋ ቀንሷል።

መከልከል መፍትሔ እንዳልሆነ አይተናል። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። መንግሥት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት፣ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር። እገዳው እስከ ጥር 2010 ቆየ። ልጆቹ ግን አልቀሩም፤ በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክ አድርገው፣ ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ሄዱ። እዚሁ ሥራ የለም እንዳይባል የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ተመርቋል። ሆኖም በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። አንዲት ወጣት የፋብሪካውን ደመወዝና የቤት ኪራዩን አስልታ፣ ከጎረቤቷ ልጅ 1000 ሪያል ጋር ስታስተያየው ምን ትመርጣለች?

ለዲያስፖራው ብዙ ታስቧል። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ አለው፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለው፣ የህዳሴው ግድብ ቦንድም ቀርቦለታል። ይህ ሁሉ ቨርጂኒያ ላለው ወንድማችን በትክክል ያገለግላል፤ ኤምባሲ መሄድ ይችላል፣ ኢሜይል ይጽፋል። ሪያድ ያለችው ልጅ ግን ከግቢ መውጣት አትችልም። ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ አሠሪዋ እጅ ነው። በ2012 ሊባኖስ ስትቸገር ደመወዛቸው ሳይከፈል ቤሩት ቆንስላው ደጃፍ ላይ የተጣሉት እህቶቻችን የዚህችው ልጅ ዓይነት ናቸው።

ፊሊፒንስ ብዙ ዜጋዋን በቤት ሠራተኝነት ትልካለች። እዚያም በደል አለ፣ አላጋንንም። ግን ከ1970ዎቹ አንሥታ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ለሠራተኞቿ የድጋፍ ፈንድ አቋቁማለች። መዋጮው ለአንድ ኮንትራት 25 ዶላር ነው። ከዚህ ሌላ ውጭ የሚሠሩ ዜጎቿ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቁጠባ በራሳቸው ስም እንዲያስቀምጡ በሕግ ታዟል። ስትመለስ የሚጠብቃት የራሷ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

እኛም ጋ ይህ ከባድ አይደለም። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ሥልጠና ትወስዳለች፣ የብቃት ምዘና ትፈተናለች፣ አሻራ ትሰጣለች። በዚያው ቀን፣ በትክክለኛ ስሟ፣ የራሷ ሒሳብ ይከፈትላት። ከምትልከው ላይ ጥቂቱ፣ አንድ አራተኛውም ቢሆን፣ እዚያ ይግባ፤ የቀረውን ቤተሰብ ይቀበል። ሥልጠናው ላይም አባትና እናት ይቀመጡ፤ ስለ ገንዘቡ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና ልጅቱን ብቻ መምከር አይበቃም። ለአባቶች ይህን ስነግራቸው ደስ የማይላቸው አሉ። «ልጄ ከእኔ ልትደብቅ ነው?» ያሉኝም አሉ። ስናወራ ግን አብዛኞቹ ይገባቸዋል። ልጃቸው ደግማ እንድትሄድ የሚፈልግ አባት አላጋጠመኝም።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን በእኛ ቅርንጫፍ ሰልፉ ረዝሟል። ከጥቁር ገበያ ወደ ባንክ የመጡ አሉ። ስለዚህ ይህን ለመጀመር ከአሁኑ የተሻለ ጊዜ አይመጣም።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለውን የሐዋላ ዜና ስትሠሩ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርንና ብሔራዊ ባንክን ይህንንም ጠይቁልን፦ ሁለት ዓመት ሠርተው ከተመለሱት ልጆች ውስጥ በራሳቸው ስም የተቀመጠ ገንዘብ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው? መልሱንም ከዶላሩ ቁጥር ጎን አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የባንክ ሠራተኛ
ደቡብ ወሎ