እታለም፣ ከበሮሽን ላኪልኝ

እታለም፣

እንዴት ነሽልኝ? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ። ምክንያቱን ስንገናኝ ቡና ላይ ቁጭ ብለን እናወራዋለን። አንቺም ሐዋሳ ከገባሽ ወዲህ ኮርተሻል፤ ስለዚህ ብዙም አትቆጪኝ። አሁን የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። ደስም ብሎኝ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

ቤዝ ጊታር ጀምሬያለሁ! ያ ወንድሜ ጥሎት የሄደው፣ «ከአልጋ ስር ሊበሰብስ ነው» እያልሽ የምትነዘንዢኝ። አውጥቼ ጠረግኩት፤ ክሮቹ ዝገው ስለነበር ቀየርኳቸው። አሁን ማታ መብራት ካለ እሱን ይዤ ነው የማመሸው።

የምማረው በታብ ነው፣ ለጊታር በቁጥር በሚጻፈው አጻጻፍ። አራት መስመር አለው፣ ለአራቱ ክሮች። ከታች ያለው መስመር ወፍራሙ ክር ነው፣ ኢ። ከዚያ ወደ ላይ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። መስመሩ ላይ ያለው ቁጥር ስንተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ እንደምትጫኚ ይነግርሻል። 0 ከሆነ ሳትጫኚ ባዶውን ክር ትመቻለሽ። በቃ፣ ይሄው ነው። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም።

በቅድሚያ የያዝኩት የትዝታን ቅኝት ነው። ኤ ክር ላይ 0፣ 2፣ 4። ዲ ላይ 2 እና 4። ከዚያ ጂ ላይ 2። ሜጀሩ ይሄ ነው። ወደ ማይነሩ መሄድ ስትፈልጊ ሁለቱን 4 ወደ 3 ታወርጃቸዋለሽ። አንድ አንድ ፍሬት ብቻ! ያቺ አንድ ፍሬት እንዴት ሆድ እንደምታባባ ብትሰሚ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ እልሻለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ታናሿ እህቴ ልታገባ ነው። ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ። ጥሪውን እናቴ ራሷ ደውላ ትነግርሻለች፣ እንዳልሰማሽ ሁኚላት። የሰፈራችን ልጆች በኪቦርድና በድራም ሊያጅቡ ነው፤ መሰንቆ ተጫዋችም አግኝተዋል። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ግን በዚያ ሳምንት ሌላ ሰርግ ይዟል። የጎንደርን ጥር ታውቂው የለ፣ ሙዚቀኛ ከየት ይገኛል? እኔን ጠየቁኝ። እሺ አልኳቸው።

ለፈረንጅ ዘፈን ታብ ሞልቷል። ለእኛ የሰርግ ጭፈራ ግን ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እየሰማሁ ራሴ እጽፋለሁ። መሰንቆ ተጫዋቹ ደግሞ ክሩን የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች አድርጎ ነው። ዛሬ ከኤ ተነስቶ ነገ ከቢ ሊነሳ ይችላል። ባዶ ክር ያለበትን ታብ ይዤ እሱን መከተል አልችልም። ስለዚህ ትዝታን እንደገና ጻፍኩት። ኢ ክር ላይ 5፣ 7፣ 9። ኤ ላይ 7 እና 9። ዲ ላይ 7። ድምፁ ያው ነው፣ ግን 0 የሚባል የለበትም። ከቢ ሲነሳብኝ ሁሉም ላይ 2 እጨምራለሁ፤ የእጄ አያያዝ ሳይቀየር ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ይሄ የገባኝ ሌሊት ነው። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ አንቺን አሰብኩ።

የከበደኝ ምቱ ነው፣ እታለም። ታብ የት እንደምትጫኚ ይነግርሻል፣ መቼ እንደምትመቺ ግን እንደ ነገሩ ነው። በቁጥሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ፍንጭ ከመስጠት አያልፍም። ጭክጭካ የምንለው የጭፈራ ስልት ስድስት ምት አለው። ሦስት ሦስት አድርገሽ ብትቆጥሪው ሁለት ትልልቅ ምት ይሆናል። ሁለት ሁለት ካደረግሽው ደግሞ ሦስት። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፣ ትከሻውን የሚያስነሳውም እሱ ነው። እኔስ ከየትኛው ጋር ልቁም? ከቁጥሮቹ ስር ከ1 እስከ 6 ጽፌ ሞከርኩት። ልክ ነው፤ ግን አያስጨፍርም።

ባለፈው እሁድ የኔታን ልጠይቃቸው ቤታችሁ ሄጄ ነበር። ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸው ብቻ ነው የሚያስቸግራቸው። ታቡን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ከዚያ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ምልክት አጫወቱኝ፤ ድፋቱን፣ ይዘቱን፣ ርክርኩን። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ነገሩኝ። ያ ዘመን እኮ 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው! አውሮፓ ውስጥም ሉት የሚባለውን መሣሪያ በታብ የሚጽፉት በዚያው ክፍለ ዘመን ነበር። ጎንደር ራሷ ገና አልተቆረቆረችም። ይሄንን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። «ምልክቱ ከመምህር አፍ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው» አሉኝ። ያልሰማውን ሰው ምልክቱ ብቻውን አያዘልቀውም። እኔ የጎደለኝ ይሄ መሆኑን ያኔ አወቅኩ። ከበሮ አጠገብ ያደግሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ሌላም ነገር አለ... ልጻፈው ወይስ ልተወው? አጎቴ ሰርግ ላይ እንደምጫወት ሰምተው «የደህና ሰው ልጅ አዝማሪ ልትሆን ነው?» አሉ። እናቴ ዝም አለች። ዝምታዋ ከእሳቸው ንግግር ይበልጥ አመመኝ። በአዝማሪ ዘፈን ያልተዳረ ማን አለ በዚህ አገር? እህቴ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አንቺ ካልተጫወትሽ አልጨፍርም» አለችኝ። ስለዚህ እጫወታለሁ። ደግሞም ጥሩ አድርጌ ነው መጫወት የምፈልገው። አጎቴ ራሳቸው ተነስተው እስክስታ እንዲወርዱ።

አደራሽን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳትዪኝ። ስልክሽን ፊትሽ አስቀምጪና የጎንደርኛውን ምት ምቺልኝ። ከበሮ ከሌለ ጠረጴዛም ይሆናል። መጀመሪያ ቀስ አድርገሽ፣ ቀጥሎ በሰርግ ፍጥነት። ወፍራሙ ምት ሲመጣ በአፍሽ «አንድ» በይ፣ እኔ እዚያ ላይ ነው የምገባው። በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ከተቻለ ዛሬ ማታ። መጥተሽ ራስሽ ብትመቺው ደግሞ ሌላ ነው። ለልጆቹ ከበሮው ላይ ሰው እንዳያስቀምጡ ነግሬያቸዋለሁ።

ያንቺዋ